ሆድ በታመመ ቁጥር «ጨጓራ ነው» ማለት ይቅርብን፤ ውስጣችንን አንድ በአንድ እንየው

መምህር_ዘጦሳ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ደሴም ኮምቦልቻም ላላችሁ። እኔ ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ይህን ውይይት የከፈትኩት አንድ ነገር ስላሳሰበኝ ነው።

ክፍል ገብቼ «ጨጓራችሁ የት ነው?» ብዬ ስጠይቅ አብዛኞቹ ተማሪዎች እምብርታቸውን ይነካሉ። ጉዳዩ የፈተና ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅሁ ነበር። ግን ትልልቆቹም እንደዚያው ነን። ከደረት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ይባላል። ፋርማሲ ሄደን ኦሜፕራዞል የሚባለውን አሲድ ቀናሽ እንገዛለን። ሻል ሲለን እንተወዋለን፣ ሲመለስብን ደግሞ እንገዛለን። ሕመሙ ግን የሐሞት ሊሆን ይችላል። የቆሽት ሊሆን ይችላል። የትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል። የት ቦታ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ለሐኪም በደንብ ያስረዳል። መቼ መታገሥ፣ መቼ መሮጥ እንዳለበትም ይገባዋል። እኔ ስለ አቀማመጡና ስለ ሥራው እጽፋለሁ። የጤና ባለሙያዎች ካላችሁ ስለ ሕክምናው እናንተ ጨምሩበት።

ከአፍ ልጀምር። የምግብ መፈጨት የሚጀምረው እዚያው አፍ ውስጥ ነው። በቀን ከ1 እስከ 1.5 ሊትር የሚደርስ ምራቅ እናመነጫለን። ምራቁ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለው። ይህ ኢንዛይም ስታርችን ወደ ስኳር መሰባበር ይጀምራል። ዳቦ አፋችሁ አስገብታችሁ ሳትውጡ ብዙ ብታኝኩት ጣፈጥ እያለ የሚመጣው ለዚህ ነው። የአዋቂ ሰው ጥርስ ሲሟላ 32 ነው። ሥራቸው ምግቡን ማድቀቅ ነው፤ በደቀቀ ቁጥር ኢንዛይሞቹ የሚደርሱበት ቦታ ይሰፋል። ሳያኝክ የሚውጥ ሰው የአፉን ሥራ ለጨጓራው ያስተላልፋል፣ ጨጓራ ደግሞ ጥርስ የለውም።

ስንውጥ የአየር ቧንቧው ላይ ያለች ትንሽ ክዳን ትዘጋለች። እየበላን ስናወራ ወይም ስንስቅ ትን የሚለን ክዳኗ በጊዜ ሳትዘጋ ስትቀር ነው። ከዚያ ምግቡ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ይገባል። ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ምግቡ ዝም ብሎ አይወድቅም። የቧንቧው ጡንቻ ከላይ ወደ ታች በተራ እየጨመቀ ይገፋዋል፤ ተኝታችሁም ብትውጡ ይወርዳል። ቧንቧው ከጨጓራ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ የጡንቻ ቀለበት አለ። ቀለበቱ ሲላላ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ይመለሳል። ቃር የምንለው ይሄንን ነው።

ጨጓራ ያለው ከላይ፣ ከጎድን አጥንት ሥር፣ ከመሃል ወደ ግራ ነው። ባዶ ሲሆን ይሸበሸባል። ስንበላ እስከ 1.5 ሊትር ገደማ ይይዛል። ግድግዳው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያመነጫል፤ የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤች የሚባለው፣ ከ1.5 እስከ 3.5 ነው። ይህ አሲድ ከምግብ ጋር የሚገቡ ብዙ ጀርሞችን ይገድላል። ፕሮቲን የሚቆራርጠው ፔፕሲን የሚሠራውም በእሱ ውስጥ ነው። ጨጓራው ራሱን የማይፈጨው ወፍራም፣ አዝለግላጊ ሽፋን ስላለው ነው። ምግቡ እዚያ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ቅባት ከበዛበት ከዚያም በላይ።

የሸዋ_በር_ልጅ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። እኔም እምብርት ከሚነኩት አንዱ ነኝ። ታዲያ እምብርት አካባቢ ያለው ምንድን ነው?

መምህር_ዘጦሳ

እዚያ በብዛት ትንሹ አንጀት ነው ያለው። እጅህን እያሳረፍክ ተከተለኝ። በቀኝ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ጉበት አለ። ከጉበቱ በታች የሐሞት ከረጢት ተለጥፏል። መሃልና ግራ ላይ ጨጓራ። ከጨጓራው ኋላ፣ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ቆሽት። እምብርት ዙሪያ ትንሹ አንጀት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ትልቁ አንጀት ደግሞ ትንሹን ይከበዋል፤ በቀኝ በኩል ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጨጓራ ሥር ተሻግሮ በግራ በኩል ይወርዳል። ትርፍ አንጀት በቀኝ፣ ከታች፣ ትልቁ አንጀት የሚጀምርበት ጋ ነው።

ሲስተር_ከኮምቦልቻ

መምህር፣ ይህን ስለከፈቱልን በጣም አመሰግናለሁ። ኮምቦልቻ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። «ሲስተር፣ ያው ጨጓራዬ ነው፣ መድኃኒቱን ብቻ ጻፊልኝ» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው።

ለረጅም ዘመን የጨጓራ ቁስል የሚመጣው ከጭንቀትና ከሚያቃጥል ምግብ ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የሚባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ሌላ ነገር አገኙ። ኤች ፓይሎሪ የተባለች ባክቴሪያ እዚያ አሲድ ውስጥ ትኖራለች። ሰው አላመናቸውም። በ1984 ማርሻል ባክቴሪያዋን በጥብጦ ራሱ ጠጣት። ታመመ፤ ጨጓራው ሲመረመር ተቆጥቶ ተገኘ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ስለዚህ በርበሬያችን ቁስሉን አያመጣውም። ቁስል ካለ ግን ሊያቃጥል ይችላል።

ሁለተኛው ትልቅ ምክንያት የሕመም ማስታገሻ ነው። ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ አስፕሪን። መምህር የጠቀሱትን ሽፋን ያሳሱታል። ወገቡን እያመመው በየቀኑ ዳይክሎፌናክ የሚወስድ፣ ሆዱን ሲያመው ደግሞ ኦሜፕራዞል የሚጨምር ሰው አያለሁ። ምክንያቱ ሳይነሳ ማስታገሻው ብቻ ይደራረባል።

ኤች ፓይሎሪ ከተገኘ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፀረ ባክቴሪያና አንድ አሲድ ቀናሽ ነው፣ ለ14 ቀን። እባካችሁ አታቋርጡት። ሻል ሲላችሁ ብታቆሙ የቀረችው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ትለምደዋለች። ኦሜፕራዞል ደግሞ የሚወሰደው ከምግብ በፊት፣ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ነው። ከበሉ በኋላ ሲወሰድ ጥቅሙ ይቀንሳል።

እነዚህን ካያችሁ ግን ቀን አትቁጠሩ። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ያለው ትውከት፣ ሳይፈልጉ መክሳት፣ ለመዋጥ መቸገር። የብረት ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ ሰገራ በእሱም ይጠቁራል፤ ያን ለሐኪሙ ንገሩት። ከላይ፣ መሃል ላይ የሚጨመድድ ሕመም ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ደግሞ ልብ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ዘሃራ_ፒያሳ

አሰላሙ ዐለይኩም። ሲስተር፣ አላህ ይስጥልኝ። እኔ ጨጓራ አለብሽ ተብዬ በምርመራ የተረጋገጠልኝ ነኝ። ረመዳን ሲመጣ ቤት ውስጥ ጭንቅ ነው። እናቴ አትጹሚ ትላለች፣ እኔ ደግሞ ጾሙን መተው አልችልም። ምን ይሻለኛል?

ሲስተር_ከኮምቦልቻ

ወዐለይኩም ሰላም ዘሃራዬ። ጨጓራ ባዶም ሆኖ አሲድ ያመነጫል። ብዙ ሰው በሕክምና ከተረጋጋ በኋላ ያለ ችግር ይጾማል። ንቁ ቁስል ወይም ደም ፈሶሽ የሚያውቅ ከሆነ ግን አይሆንም። ለታመመ ሰው ሸሪዓውም ይፈቅዳል። ስለዚህ ከወሩ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ። የመድኃኒትሽን ሰዓት ለማፍጠሪያና ለሱሑር ያመቻችልሻል።

ስታፈጥሪ በቴምርና በውሃ ጀምሪ። ከዚያ ትንሽ ሾርባ። መግሪብ ሰግደሽ ስትመለሺ ዋናውን ምግብ ብዪ። ያቺ እረፍት ለጨጓራሽ ትልቅ እርዳታ ናት። ሳምቡሳውን ቀንሺ፤ በዘይት የተጠበሰ ምግብ ከጨጓራ ለመውጣት ይቆያል። ሱሑር በልተሽ ወዲያው አትተኚ። ቃር በብዛት የሚነሳው ያኔ ነው።

ሁዳዴ ለሚጾሙትም ያው ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት ሆድን ይከብዳል።

መምህር_ዘጦሳ

ወደ ትንሹ አንጀት እንሂድ። የምግብ መፈጨት ዋናው ሥራ የሚሠራው እዚህ ነው። ጨጓራ ቢታወቅም እሱ በብዛት አዘጋጅቶ የሚያቀብል ነው።

ከጨጓራ መውጫ ላይ የምትጠብቅ የጡንቻ በር አለች። ምግቡ ወደ ወፍራም ፈሳሽ ከተለወጠ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ታሳልፈዋለች። የሚገባበት የመጀመሪያው ክፍል ዱዎዲነም ይባላል፤ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህቺ አጭር ቦታ ላይ ሁለት ነገር ይፈስሳል።

አንደኛው ከቆሽት የሚመጣው ነው። ቆሽት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። ፈሳሹ ውስጥ ባይካርቦኔት አለ፤ ከጨጓራ የመጣውን አሲድ ያበርደዋል። ያ ባይሆን አንጀቱ ይቆስል ነበር። ከዚያ ሌላ ለስታርች፣ ለፕሮቲንና ለቅባት የሚሆኑ ኢንዛይሞችን ይልካል። ኢንሱሊንም የሚወጣው ከቆሽት ነው፤ እሱ ግን የሚሄደው ወደ ደም ነው።

ሁለተኛው ሐሞት ነው። ብዙ ሰው ሐሞት የሚሠራው የሐሞት ከረጢት ይመስለዋል። የሚሠራው ጉበት ነው። ጉበት የአዋቂ ሰው ላይ 1.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በቀን ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ሐሞት ያመነጫል። ከረጢቱ ያጠራቅመዋል፣ ያወፍረዋል። ቅባት የበዛበት ምግብ ሲመጣ ተኮማትሮ ይለቀዋል። ሐሞት ቅባቱ ላይ የሚሠራው ሳሙና ቅቤ የነካው ሰሃን ላይ እንደሚሠራው ነው። ትልልቁን ቅባት ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይበትነዋል፤ ኢንዛይሙ ከዚያ ይደርስበታል።

ጠጠር ያለበት ሰው ችግሩ የሚነሳው ከረጢቱ ሲኮማተር ነው። ሁዳዴ ሙሉ ሽሮና ምስር ሲበላ የቆየ ሰው ለፋሲካ ዶሮ ወጥ በቅቤ ይበላል። ሌሊት ቀኝ ጎኑን፣ ከጎድን አጥንት ሥር አጥብቆ ያመዋል። ሕመሙ ወደ ቀኝ ትከሻ ይሄዳል። ያኔ «ጨጓራዬ ተነሳ» ከማለት አልትራሳውንድ መታየት ነው። የቆሽት መቆጣት ደግሞ ላይኛው ሆድ ላይ ሆኖ ወደ ጀርባ ይወጋል። ሁለቱ ትልልቅ መንስኤዎቹ የሐሞት ጠጠርና አልኮል ናቸው። ዓይን ቢጫ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በጉበት ወይም በሐሞት በኩል ችግር አለ ማለት ነው። የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ቤት መቀመጥ አይገባም።

ከዱዎዲነም በኋላ ያለው ረጅሙ ክፍል ነው። ትንሹ አንጀት በሞተ ሰው ላይ ሲለካ 6 ሜትር አካባቢ ይሆናል። በሕይወት ባለ ሰው ላይ ጡንቻው ስለሚሰበሰብ ያጥራል። የውስጡ ግድግዳ በእጥፋት የተሞላ ነው። እጥፋቱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር የማይሞሉ ቡቃያዎች አሉ። ቡቃያዎቹ ላይ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ ሌሎች። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሲዘረጋ ወደ 30 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ስኳርና አሚኖ አሲድ በቡቃያዎቹ አልፈው ደም ውስጥ ይገባሉ። ያ ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። መጀመሪያ ጉበት ጋ ይደርሳል፣ ይጣራል፣ ከዚያ ለሰውነት ይከፋፈላል። ቅባት ግን በሌላ መንገድ፣ ሊምፍ በሚባሉ ከደም ሥር የተለዩ ቧንቧዎች በኩል ይሄዳል። ብረት በብዛት የሚመጠጠው መጀመሪያው ላይ ነው። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ መጨረሻው ላይ፤ ለዚያም ከጨጓራ የሚወጣ ረዳት ፕሮቲን ያስፈልገዋል።

የቄራ_ባለሙያ

መምህር፣ እኔ የምሠራው ቄራ ነው። የጻፍከውን ሳነብ ሁሉም ዓይኔ ላይ መጣ። በሬ ላይ ጉበቱ፣ ሐሞቱ፣ ቆሽቱ አሉ። ሆዱ ግን ከኛ ይለያል። አራት ክፍል አለው። ሽንፍላ የምንለው ያ ቅጠል ቅጠል ያለው አንዱ ነው። የመጀመሪያውና ትልቁ ሣሩ የሚቦካበት ነው። ሣሩን የሚሰባብሩለት በውስጡ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። ከኛ ጨጓራ ጋር የሚመሳሰለው አራተኛው ብቻ ነው፤ አሲድ የሚያመነጨው እሱ ነውና።

አንድ ነገር ለሕዝቡ ልንገር። ቄራ የሚታረድ በሬ በሐኪም ይመረመራል። መንጋጋው፣ ምላሱ፣ ልቡ፣ ደረትና ሆድን የሚለየው ጡንቻ (ድያፍራሙ) እየተሰነጠቀ ይታያል። የኮሶ ትል እንቁላል ከብቱ ውስጥ ገብቶ ጡንቻው ላይ ትንሽ ነጭ ከረጢት ይሠራል፤ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር። ቅርጫ ተብሎ ግቢ ውስጥ የሚታረደውን ግን ማንም አያየውም። በዓል ላይ አንድ በሬ ለስንት ቤተሰብ ይከፋፈላል። ከዚያ ያው በጥሬው ይበላል።

አራዳ_ሰፈር

ጥሬ ሥጋ ለወሎ ሰው አትብላ ልትሉት ነው? በዓሉ ያለ ቁርጥ ምን በዓል ነው? ኮሶ ከታየም የኮሶ ዛፉ አበባ አለ፣ አያቶቻችን በሱ ነው የኖሩት።

ሲስተር_ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ በዓልህን ማንም አይነካብህም። ግን የምትበላው ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባሃል። ያ ከረጢት ሆድህ ሲገባ ትሉ ጭንቅላቱን ትንሹ አንጀት ላይ ይተክላል። ከ4 እስከ 10 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ዓመታት ይቆያል። ቁርጥራጩ ከሰገራ ጋር እየተንቀሳቀሰ ይወጣል። ሥጋው መሃሉ ድረስ ቀይነቱ እስኪጠፋ ከበሰለ ይሞታል።

የኮሶ አበባው ላይ የምፈራው መጠኑን ነው። በጽዋ የሚለካ ነገር ውስጡ ስንት እንዳለው አይታወቅም። ሲበዛ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፤ ዓይንም ይጎዳል። ለነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ አይሆንም። ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ አለ። በሐኪም ትእዛዝ ተወስዶ ይገላግላል።

መምህር_ዘጦሳ

አንድ ነገር ልጨምር። የኮሶ ትል አፍም አንጀትም የለውም። እኛ የፈጨነውን ምግብ በቆዳው ይመጥጣል። እዚያ ቦታ የሚኖረው ምግቡ ተዘጋጅቶ የሚቀርበው እዚያ ስለሆነ ነው።

ቧንቧ_ውሃ

እኔ ደግሞ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፤ ግን ያሳፍራል። ባቄላና ሽንብራ ስበላ ሆዴ ይነፋል። ምሽቱን ሙሉ ሰው ጋ መቀመጥ አልችልም።

መምህር_ዘጦሳ

የሚያሳፍር ነገር የለውም። ጥራጥሬ ውስጥ ራፊኖዝና ስታክዮዝ የሚባሉ ስኳሮች አሉ። እነሱን የሚቆርጥ ኢንዛይም የሰው ልጅ የለውም። ሳይፈጩ ትንሹን አንጀት ያልፋሉ። ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ያቦኩዋቸዋል፤ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ አንዳንድ ሰው ላይ ሚቴንም።

ደሴ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች እዚያ 94 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ባቄላ እዚህ ለመብሰል ይቆያል። ግማሽ በሰል ከበላኸው ይብስብሃል። ሌሊቱን ዘፍዝፈህ ውሃውን ድፋ። በአዲስ ውሃ ቀቅል፤ ግፊት ድስት ካለህ የተሻለ ነው። በቆልት ደግሞ ሲበቅል እነዚያን ስኳሮች ራሱ ይጠቀምባቸዋል። ሆድ የማይነፋው ለዚህ ነው።

ሰኞ_ገበያ

መምህር፣ ስናደድ ሆዴ የሚዘጋውስ ለምንድን ነው? ምግብ አልወርድ ይለኛል።

መምህር_ዘጦሳ

ይሄንን ጥያቄ ወደድኩት፤ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1822 ማኪናክ በምትባል የአሜሪካ ደሴት አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት በቅርብ ርቀት በጠመንጃ ተመታ። ዊልያም ቦሞንት የሚባል የጦር ሠራዊት ሐኪም አከመው። ተረፈ፤ ግን ጨጓራው ላይ የተከፈተው ቀዳዳ ሳይዘጋ ከቆዳው ጋር ተያይዞ ቀረ። ቦሞንት በዚያ ቀዳዳ የሰው ጨጓራ ሲሠራ ለዓመታት ተመለከተ። ሥጋና አትክልት በሐር ክር አስሮ እያስገባ፣ በየሰዓቱ እያወጣ ስንቱ እንደተፈጨ ይጽፍ ነበር። የጨጓራን ፈሳሽ ቀድቶ ብልቃጥ ውስጥም ሞከረው። ምግቡ እዚያም ተፈጨ። ያኔ ነው የምግብ መፈጨት ኬሚካላዊ ሥራ መሆኑ በግልጽ የታየው። በ1833 መጽሐፉን አወጣ።

ቦሞንት ካያቸው ነገሮች አንዱ ሰውየው ሲናደድ የጨጓራው ሁኔታ መለወጡ ነው። ዛሬ ምክንያቱን እናውቃለን። ከምግብ ቧንቧ እስከ መጨረሻው ድረስ ግድግዳው ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ቬገስ በሚባል ረጅም ነርቭ በኩል ከአንጎል ጋር ይነጋገራሉ። ስንደነግጥ ወይም ስንናደድ ደም ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ የጨጓራ እንቅስቃሴ ይቀንሳል።

የዚያ ወጣት ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ድሃ ነበር። ከቦሞንት ጋር ውል ፈርሞ ሰውነቱን ለምርመራ ሰጠ። እያመመው፣ እየሰለቸው። ዛሬ ስለ ጨጓራ የምናውቀው ብዙ ነገር ከሱ ስቃይ የተገኘ ነው። ተማሪዎቼ የሐኪሙን ስም ብቻ እንዲይዙ አልፈልግም።

አባ_ገራዶ

ልጆቼ፣ ኑሩልኝ። እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል። ጫት ከወጣትነቴ ጀምሮ እቅማለሁ። ሆዴ ይደርቃል፣ አንዳንዴ ደም አያለሁ። ኪንታሮት ነው ይሉኛል። ተልባ እጠጣለሁ፣ አልፎ አልፎ ይረዳኛል።

ሲስተር_ከኮምቦልቻ

አባባ፣ እርስዎም ይኑሩልን። ጫት ጨጓራ ምግብን ወደ አንጀት የሚያወርድበትን ፍጥነት ያዘገያል። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ያለው ታኒን ሆድ ያደርቃል። ደረቅ ሰገራ ሲያስምጥ ደግሞ ኪንታሮት ይወጣል። ተልባው ጥሩ ነው፤ ውሃ ይዞ ሰገራውን ያለሰልሳል። ግን በላዩ ብዙ ውሃ መጠጣት አለብዎት፣ ያለ ውሃ ይብሳል። ጎመንም ያብዙ።

ደሙን ግን ኪንታሮት ነው ብለው አይተዉት። በእርስዎ ዕድሜ ደም ሲታይ ትልቁ አንጀት መመርመር አለበት። ዕጢም እንዲሁ ነው የሚጀምረው፤ ቶሎ ከተገኘ ይድናል። እባክዎ በዚህ ሳምንት ይሂዱ። ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ይዞዎት ይሂድ።

አባ_ገራዶ

እሺ ልጄ። ለልጄ እነግረዋለሁ። አላህ ይጠብቅሽ።

እናት_ከሆጤ

እኔ የምፈራው የልጆች ተቅማጥ ነው። ዛሬ ሲጫወት የዋለ ልጅ በአንድ ሌሊት ዓይኑ ይጎደጉዳል። እንዴት ነው እንዲህ የሚፈጥነው?

መምህር_ዘጦሳ

እህቴ፣ ቁጥሩን ብታዪው ይገባሻል። የአዋቂ ሰው አንጀት ውስጥ በቀን ወደ 9 ሊትር ፈሳሽ ይገባል። የምንጠጣውና የምንበላው 2 ሊትር ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው ምራቅ፣ የጨጓራ፣ የቆሽት፣ የሐሞትና የአንጀት ፈሳሽ ነው። ትንሹ አንጀት አብዛኛውን መልሶ ይመጥጣል። ትልቁ አንጀት፣ 1.5 ሜትር የሚሆነው፣ የቀረውን ይጨርሳል። በሰገራ የሚወጣው ውሃ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። መምጠጡ ሲቆም ያ ሁሉ ይፈስሳል። ልጅ ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል።

ሲስተር_ከኮምቦልቻ

ለዚህ ነው ለምለም (በውሃ የሚበጠበጠው ኦ.አር.ኤስ.) ያስፈለገው። ስኳርና ጨው አንድ ላይ ሲሆኑ በአንጀት ግድግዳ ተያይዘው ያልፋሉ፣ ውሃውን ይዘው። ተቅማጥ እያለም ይህ መንገድ ክፍት ነው። ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን በጥብጪው፤ አታወፍሪው፣ አታቅጥኚው። ከሌለ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። በየትንሹ በማንኪያ ስጪው። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡት አይቋረጥ። ጤና ጣቢያ ዚንክ ይሰጡሻል፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ልጁ ከደከመ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ሽንት ካቆመ ወይም ሰገራው ደም ካለው ሩጪ።

ኩታበር_መንገድ

የትርፍ አንጀት ነገር ተነስቷልና የወንድሜን ልጻፍ። እምብርቱ አካባቢ ጀመረው። ቁርጠት ነው ተባለ፤ ጤና አዳም ተሰጠው። ወደ ማታ ሕመሙ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ወረደ። ምግብ አልፈልግ አለ፣ ትኩሳት መጣ። ሆድ የሚያሹ ሴት ተጠሩ። ሲያሹት ጮኸ። ሌሊቱን ሆስፒታል ስንደርስ ፈንድቶ ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዳነ፣ ግን ብዙ ተሰቃየ። መምህር እንዳልከው ቦታውን የሚያውቅ ሰው ቤታችን ቢኖር ኖሮ ቀን ላይ እንወስደው ነበር።

ሲስተር_ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ማረላችሁ። የተረክኸው ልክ የሚመጣበት መንገድ ነው። መጀመሪያ እምብርት ጋ፣ ከዚያ ቀኝ ወደ ታች። ስንራመድና ስናስል ይብሳል። እንዲህ ሲሆን ሆድ አይታሽም። የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይሰጥም። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል ምግብና ውሃም ይቆይ። ነፍሰ ጡርና ትንንሽ ልጆች ላይ ምልክቱ እንዲህ ላይስተካከል ይችላል፤ ለእነሱ ይበልጥ ፈጠን በሉ።

መምህር_ዘጦሳ

ትልቁ አንጀት ላይ ትንሽ ልበልና የኔ ይብቃ። ውሃ ከመምጠጥ ሌላ የባክቴሪያዎች ቤት ነው። ቁጥራቸው ከራሳችን ሕዋሳት ቁጥር ጋር ይቀራረባል። ቫይታሚን ኬ ይሠሩልናል። ከአሰር ደግሞ የአንጀቱን ግድግዳ የሚመግቡ አሲዶች ያወጣሉ። ጤፍ፣ ገብስ፣ ምስር፣ ጎመን ለነሱ ምግብ ነው። ፀረ ባክቴሪያ ያለ ምክንያት ስንወስድ እነሱንም እንገድላለን። ጉንፋን ሲይዘን አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ እስከዚያ ድረስ ይደርሳል።

ሮዛ_10ኛ_ክፍል

መምህር፣ አመሰግናለሁ። እናቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ደም አንሶሻል ተብላለች። ጤፍ ብረት አለው እየተባለ ለምን ያንሳታል?

መምህር_ዘጦሳ

ጎበዝ። ምግቡ ውስጥ መኖሩና ደም ውስጥ መግባቱ ይለያያል። ነፍሰ ጡር ሴት የሚያስፈልጋት ብረትም ይጨምራል። ሊጡ ሲቦካ ብረቱን አስሮ የሚይዘው ነገር ስለሚቀንስ እንጀራ ከቂጣ ይሻላል። ግን ቤታችን ምሳ እንደተነሳ ቡና ይፈላል። ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው ነገር ብረቱን ዱዎዲነም ላይ እንዳይመጠጥ ይይዘዋል። ቡናው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ ከምግቡ ጋር ካለ ቫይታሚን ሲው መምጠጡን ያግዛል።

ሮዛ_10ኛ_ክፍል

የብረት ኪኒኑንም በሻይ ነው የምትውጠው። ሆዷን ስለሚላት።

ሲስተር_ከኮምቦልቻ

በውሃ ትዋጠው ሮዛዬ፤ ሻዩ ኪኒኑንም ይይዘዋል። ባዶ ሆዷን ካስቸገራት ትንሽ እንጀራ ቀምሳ ትውሰደው። ማታ ልትተኛ ስትል ብትወስደውም ይችላል፣ ብዙዎቹ እንዲያ ሲሆን ይቀላቸዋል። በሚቀጥለው ክትትሏ ላይ ሆዷን እንደሚላት ለአዋላጇ ትንገራት፤ ኪኒኑን ሊቀይሩላት ይችላሉ።